«ከዘራቸው ያበደ ነበረን?» የስኪዞፍሬኒያ የዘረመል ምርምር ለገጠሩ ቤተሰብ ምን ይመልሳል?

ባሕር ዳር፦ በገጠር ሽማግሌ ከመላኩ በፊት ዘር ይጠየቃል። ዝምድናው እስከ ሰባት ቤት ይቆጠራል። ቆጠራው ሲያበቃ ደግሞ ድምፅን ዝቅ አድርጎ የሚቀርብ ሌላ ጥያቄ አለ፦ «ከቤታቸው ያበደ ሰው ነበረን?» መልሱ «ነበረ» ከኾነ ጉዳዩ ብዙ ጊዜ በዚያው ይቀራል። ምክንያቱ ግን በግልጽ አይነገርም። ልጅቷ ገና ናት ይባላል፤ ወይም መኸሩ ይግባና እንነጋገራለን ይባልና መኸሩ ገብቶም ነገሩ አይነሳም። ጤነኛዋ እኅት በታመመው ወንድሟ ምክንያት ሳትጠየቅ ትቀራለች። ወላጆችም ይህን ስለሚያውቁ እንግዳ በመጣ ቁጥር የታመመውን ልጅ ከጓዳ ያቆዩታል።

ይህ ፍርሃት በወሬ ብቻ የሚታወቅ አይደለም፤ ተለክቷል። በቡታጅራ አካባቢ በስኪዞፍሬኒያና በከባድ የስሜት መዛባት የተያዙ ሰዎችን ዘመዶች የጠየቀ፣ እ.ኤ.አ. በ2001 የታተመ ጥናት ነበር። ከተጠየቁት ዘመዶች 75 በመቶ የሚኾኑት በቤተሰባቸው ባለው ሕመም የተነሳ መገለል እንደደረሰባቸው ወይም መገለሉ እንደሚሰማቸው ተናግረዋል። 42 በመቶው ሰዎች በተለየ ዓይን ያዩናል ብለው ይሰጋሉ። 37 በመቶው ደግሞ ሕመሙ እንዳይታወቅ መደበቅን ይሻሉ።

የስኪዞፍሬኒያ የዘረመል ምርምር የሚደርሰው እንዲህ ባለው ቤት ነው። ባለፉት ዐሥራ አምስት ዓመታት ተመራማሪዎች በብዙ አሥር ሺሕ የሚቆጠሩ ሕመምተኞችን ዲኤንኤ መርምረዋል፤ ሕመሙ ከዘረመል ጋር ያለውን ትስስርም ከመቼውም ይልቅ አጉልተው አሳይተዋል። ከዚያ ሁሉ ሥራ ወደ ቀበሌው የሚደርሰው ግን ብዙ ጊዜ አንድ ዐረፍተ ነገር ብቻ ነው፦ «ሳይንስም በዘር የሚወረስ ነው አለ።» «ዘር ከልጓም ይስባል» ለሚል ኅብረተሰብ ይህ ዐረፍተ ነገር የቆየውን ፍርድ በማኅተም እንደማጽናት ነው። የምርምሩ ውጤት ሙሉውን ሲነበብ ግን ለሽማግሌዎቹ ጥያቄ የሚሰጠው መልስ ከዚህ እጅግ የራቀ ነው።

ስኪዞፍሬኒያ ሰው የሌለ ድምፅ የሚሰማበት፣ ሌሎች የማይጋሩትን ነገር በጽኑ የሚያምንበት፣ ሐሳቡ የሚበታተንበት፣ ብዙውን ጊዜም ከሥራና ከሰው እየራቀ የሚሄድበት ከባድ የአእምሮ ሕመም ነው። በአብዛኛው የሚጀምረው ከአሥራዎቹ ዕድሜ መጨረሻ እስከ ሃያዎቹ ባለው ጊዜ ነው፤ በገጠሩ አነጋገር ልጁ ጥማድ በሚረከብበትና ጎጆ በሚወጣበት ዕድሜ ማለት ነው። በቡታጅራ ዕድሜያቸው ከ15 እስከ 49 የኾኑ 68 ሺሕ 378 ሰዎችን በቤት ለቤት ዳሰሳ የሸፈነው ጥናት፣ ከአንድ ሺሕ ሰዎች ወደ አምስት የሚጠጉት በሕይወት ዘመናቸው በዚህ ሕመም እንደተያዙ አግኝቷል። ከእነዚህም ውስጥ ቀደም ሲል ሕክምና ያገኙት ከዐሥር በመቶ በታች ነበሩ።

ሰማንያ በመቶ ማለት ምን ማለት ነው?

በመንትዮች ላይ የተደረጉ ጥናቶች የስኪዞፍሬኒያን የመወረስ ልክ 80 በመቶ ገደማ ያደርሱታል። በብዙ ዘገባ የሚጠቀሰው ይህ ቁጥር ብዙዎች የሚሳሳቱበትም ነው። የአንድ ሰው ሕመም 80 በመቶው ከዘር፣ 20 በመቶው ከኑሮ የመጣ ነው ማለት አይደለም፤ ከመቶ የሕመምተኛ ልጆች 80ዎቹ ይታመማሉ ማለትማ ጨርሶ አይደለም።

መለኪያው የዳበረው በከብት እርባታና በሰብል ማሻሻል ሥራ ውስጥ ነውና ማሳ ላይ ኾኖ ማየቱ ይቀላል። ብዙ ዓይነት የተቀላቀለበት የጤፍ ዘር አፈሩ፣ ውኃውና ማዳበሪያው እኩል በኾነ መሬት ላይ ቢዘራ በቁመታቸው መካከል የሚታየው ልዩነት በአብዛኛው ከዘሩ የመጣ ይኾናል። ያው ዘር ግማሹ ዋልካ፣ ግማሹ ጭንጫ በኾነ መሬት ላይ ቢዘራ ግን የዘሩ ድርሻ ያንሳል፤ ዘሩ ግን አልተለወጠም። ስለዚህ ቁጥሩ የሚናገረው በአንድ ሕዝብ ውስጥ በአንድ ዘመን በሰዎች መካከል ስላለው ልዩነት እንጂ ስለ አንዲት የጤፍ አገዳ ወይም ስለ አንድ ሰው ዕጣ አይደለም።

የመንትዮቹ ጥናት ራሱ ይህንኑ ይመሰክራል። አንድ ዓይነት መንትዮች የዘረመል ቅጂያቸው አንድ ነው ለማለት ይቻላል። ኾኖም አንደኛው ስኪዞፍሬኒያ ሲይዘው ሌላኛው የሚያዘው ከግማሽ ባነሰ ጊዜ ነው። ወላጁ የታመመ ልጅን ብንወስድ በሕይወት ዘመኑ የመያዝ ዕድሉ ከመቶ ዐሥር ገደማ ነው። ይህ ከሌላው ሰው የበለጠ መኾኑ አይካድም፤ ኾኖም ከዐሥሩ ዘጠኙ አይታመሙም ማለት ነው። በሌላ አቅጣጫ ደግሞ ከሕመምተኞቹ አብዛኞቹ ይህ ሕመም ያለበት እናትም ኾነ አባት የላቸውም። ዘር ጠይቆ ጎጆ የቀለሰው ቤተሰብም በዚህ ሕመም ይጎበኛል።

ይህ ለምን እንደሚኾን ግልጽ ያደረገው እ.ኤ.አ. በ2022 የታተመው ሰፊ ጥናት ነው። ዓለም አቀፍ የተመራማሪዎች ኅብረት ስኪዞፍሬኒያ ያለባቸውን 76 ሺሕ 755 ሰዎችና ሕመሙ የሌለባቸውን 243 ሺሕ 649 ሰዎች ዲኤንኤ አነጻጸረ። ከሕመሙ ጋር የተያያዙ 287 የዘረመል ቦታዎችም ተገኙ። እያንዳንዱ ቦታ የሚጨምረው የመታመም ዕድል እጅግ ጥቂት ነው። ዋናው ነገር እነዚህ ልዩነቶች በሕመምተኞች ብቻ የሚገኙ አለመኾናቸው ነው። በጠያቂው ሽማግሌ፣ በተጠያቂውም ቤት፣ በማናቸውም ሰው ውስጥ በርከት ብለው አሉ፤ አንዱ ጥቂት፣ ሌላው ብዙ ይይዛል። «ከዘራቸው አለን?» ለሚለው ጥያቄ የዘረመል ሳይንስ ያለው እውነተኛ መልስ «ከሁሉም ዘር አለ» የሚል ነው።

ለግብርና ባለሙያ ይህ እንግዳ አይደለም። አንድ የስንዴ ዝርያ የግንድ ዋግን እንዲቋቋም አንዳንድ ጊዜ አንድ ዘረመል ይበቃዋል። ምርታማነትን የሚወስን አንድ ዘረመል ግን ተፈልጎ አልተገኘም፤ እያንዳንዳቸው ጥቂት የሚያዋጡ ብዙዎች ናቸው፤ ከአፈሩ፣ ከዝናቡና ከገበሬው እጅ ጋር ተባብረው ውጤቱን ይሰጣሉ። ስኪዞፍሬኒያም የሚመስለው ዋግ መቋቋምን ሳይኾን ምርታማነትን ነው። የብዙ ዘረመሎችን ጥቃቅን ድርሻ ደምሮ የመተንበይ ዘዴ ራሱ እ.ኤ.አ. በ2001 በስፋት የተዋወቀው ለእንስሳት እርባታ ነበር፤ ዛሬ የወተት ላሞች አባት የሚኾኑ ኮርማዎች በዚሁ ይመረጣሉ። በሰው ላይ ግን ልዩነት አለ። እርባታው የሚፈልገው ከሺሕ ላሞች የተሻሉትን መቶ መለየት ነው፤ ቢሳሳት የሚከስረው ወተት ነው። የሰው ጥያቄ ግን «ይቺ ልጅ ትታመማለችን?» የሚል ነው፤ ለዚህ ድምሩ መልስ የለውም። ለጋብቻ ምርጫ ይረዳል ተብሎ የሚሸጥ የዘረመል ምርመራ ወደፊት ወደ ሀገራችን ቢመጣ ይህን ማስታወስ ያሻል።

ከብዙዎቹ ጥቃቅን ልዩነቶች ሌላ ብርቅ የኾኑ፣ ሲገኙ ግን ከባድ ተጽዕኖ ያላቸው የዘረመል ጉዳቶች አሉ። ከ24 ሺሕ በላይ ሕመምተኞችን የመረመረ ሌላ ጥናት በዚያው ዓመት እንዲህ ያሉ 10 ዘረመሎችን ለይቷል። ከ22ኛው ክሮሞዞም ላይ አንድ ቁራሽ የጎደለባቸው ሰዎች ደግሞ ከአራቱ አንዱ ገደማ በዚህ ሕመም ወይም በተመሳሳዩ ይያዛል። የዚህ ጉድለት አብዛኛው ከእናት ወይም ከአባት የተወረሰ አይደለም፤ ፅንሱ ሲፈጠር አዲስ የተከሰተ ነው። ይኸውም «የዘረመል» እና «በዘር የወረደ» የሚሉት ሁለት ነገሮች መኾናቸውን ያሳያል። በአማርኛ ሁለቱንም «ዘር» በሚለው አንድ ቃል ስለምንጠራቸው ልዩነቱ ይጠፋል።

ከአፈሩ በኩል የሚመጣውም መረሳት የለበትም። በኔዘርላንድ በ1944 እና 1945 በነበረው የረሃብ ክረምት፣ በቻይናም ከ1959 እስከ 1961 በነበረው ታላቅ ረሃብ ወቅት የተፀነሱ ልጆች ሲያድጉ በስኪዞፍሬኒያ የመያዝ ዕድላቸው ከሌሎች ወደ እጥፍ ተጠግቷል። ልብ ሊባል ይገባል፤ ከእነዚያ ልጆችም አብዛኞቹ አልታመሙም። ነገር ግን ነፍሰ ጡር እናት በክረምቱ የእጥረት ወራት የምትበላው ጉዳይ የልጁ ክብደት ጉዳይ ብቻ እንዳልኾነ ያሳያል። የድርቅና የረሃብ ታሪክ ላለው አካባቢ ይህ ከዘረመሉ ዝርዝር ይልቅ ቅርብ ነው። አንዲት ሴት ያገባችበትን ቤት ዘር ሰባት ትውልድ መቁጠር የሚችል ቤተሰብ በእርግዝናዋ ወራት ማዕዷን መቁጠር አያቅተውም።

በአንጎል ውስጥ የሚኾነው

ዘረመሎቹ የሚሠሩት በአንጎል ውስጥ ነው። ከ287ቱ ቦታዎች ብዙዎቹ የሚያመለክቱት የነርቭ ሕዋሳት እርስ በርስ መልእክት ወደሚቀባበሉባቸው መገናኛዎች ነው። በሕፃንነት እነዚህ መገናኛዎች ከሚያስፈልገው በላይ ይበዛሉ፤ በአፍላነት ዕድሜ አንጎል የማይሠራባቸውን እየቀነሰ ይሄዳል። አርሶ አደሩ በቡቃያ ላይ ያለውን ማሽላ በሽልሻሎ እንደሚያሳሳው ማለት ነው፤ ጥግግቱ ሲቀንስ የቀረው ይበረታል። ሽልሻሎው ሲበዛ ግን መቆየት የሚገባውም ይነቀላል።

እ.ኤ.አ. በ2016 የታተመ አንድ ጥናት ለዚህ የማሳሳት ሥራ ምልክት ከሚያደርጉት አንዱን ዘረመል ከስኪዞፍሬኒያ ጋር አገናኘ። ዘረመሉ «ሲ-አራት» ይባላል፤ ቀድሞ የሚታወቀው ሰውነት ተሕዋስያንን በሚከላከልበት ሥርዓት ውስጥ ነበር። አንዱ ዓይነቱ በአንጎል ውስጥ በብዛት በሚሠራባቸው ሰዎች ዘንድ የሕመሙ ዕድል ከፍ ይላል፤ በአይጦች ላይ በተደረገው ሙከራም ዘረመሉ መገናኛዎችን በማስወገድ ሥራ እንደሚሳተፍ ታይቷል። ሕመሙ ልጁ ጥማድ በሚረከብበት ዕድሜ ላይ ለምን ብቅ እንደሚል ከቀረቡት ማብራሪያዎች ከኹሉ አሳማኝ የኾነው ይህ ሳይኾን አይቀርም፤ ብቸኛው ግን አይደለም።

ሁለተኛው መንገድ የአንጎልን ኤሌክትሪክ ማዳመጥ ነው። ጀርመናዊው የሥነ አእምሮ ሐኪም ሃንስ በርገር የሰውን አንጎል የኤሌክትሪክ ሞገድ ከራስ ቅል ላይ መመዝገብ እንደሚቻል እ.ኤ.አ. በ1929 ካሳወቀ ወዲህ ይህ ዘዴ ለሚጥል በሽታ ምርመራ በየሆስፒታሉ ይሠራበታል። በስኪዞፍሬኒያ ምርምር ውስጥ ደግሞ ለሌላ ነገር ይውላል። የወፍጮ ቤት ሠራተኛ ወፍጮው እየጮኸ ሊያንቀላፋ ይችላል፤ የወፍጮው ድምፅ በተለወጠ ቅጽበት ግን ይነቃል። አንጎል ሳይታዘዝ የሚደጋገመውን እየገመተ የተለየውን ብቻ ይነጥላል። ተመሳሳይ ድምፅ ደጋግሞ አሰምቶ በመካከል አንድ የተለየ ድምፅ በማስገባት ይህ ምላሽ በኤሌክትሪክ ይለካል። ስኪዞፍሬኒያ ባለባቸው ሰዎች ዘንድ ምላሹ በአማካይ ደካማ ነው፤ ይህም በብዙ ሀገራት በተደጋጋሚ የተረጋገጠ ውጤት ነው።

እዚህ ላይ ሁለቱ መንገዶች ይገናኛሉ። በማደንዘዣነት የሚታወቀው ኬታሚን ለጤነኛ ሰው በትንሽ መጠን ሲሰጥ ያንኑ ምላሽ ያደክመዋል፤ ለጊዜውም ከስኪዞፍሬኒያ ጋር የሚቀራረቡ ምልክቶችን ያመጣል። ኬታሚን የሚዘጋው በነርቭ መገናኛ ላይ ያለ አንድ የመልእክት መቀበያ በር ነው። ከላይ ከተጠቀሱት 10 ብርቅ ዘረመሎች አንዱ፣ «ግሪን-ቱ-ኤ» የሚባለው፣ የዚያኑ በር አንድ ክፍል የሚሠራ ነው። ዲኤንኤ የመረመረውና ሞገድ የመዘገበው ሳይነጋገሩ አንድ በር ላይ ደረሱ።

በገጠሩ ቤተሰብ ዘንድ ከኹሉ የሚያስፈራው ምልክት ድምፅ መስማት ነው፤ ስሙም የሚሰጠው ከዚያ ተነሥቶ ነው። ሰው ራሱን ቢኮረኩር አይስቅም፤ አንጎል የገዛ እጁን እንቅስቃሴ አስቀድሞ ስለሚያውቀው ስሜቱን ያደበዝዘዋል። ሰው ሲናገርም እንዲሁ አንጎሉ ለገዛ ድምፁ የሚሰጠው ምላሽ ይቀንሳል፤ «ይህ የእኔ ነው» ብሎ ምልክት እንደማድረግ ያለ ነው። በስኪዞፍሬኒያ ይህ ቅነሳ ደክሞ በኤሌክትሪክ ምዝገባ ታይቷል። ምልክቱ ሲሳሳት የራስ ሐሳብ ከውጭ እንደመጣ ሊሰማ ይችላል የሚለው ማብራሪያ ከዚህ ይነሣል። ሕመምተኛው ድምፁን «ሰማሁ» ሲል ሐሰት አልተናገረም፤ በእርግጥ ሰምቷል።

ኾኖም ማንም ሰው በዚህ የኤሌክትሪክ ምዝገባም ኾነ በዲኤንኤ ምርመራ ብቻ «ስኪዞፍሬኒያ አለብህ» ሊባል አይችልም። ልዩነቶቹ የብዙ ሰዎች አማካይ ናቸው። ሐኪሙ ዛሬም የሚወስነው ሕመምተኛውንና ቤተሰቡን በማነጋገር ነው። መድኃኒቱም ቢኾን የተገኘው ከዘረመል አይደለም። ክሎርፕሮማዚን በ1950ዎቹ መጀመሪያ ለአእምሮ ሕመም ሲውል መነሻው ለቀዶ ሕክምና የተሠራ መድኃኒት ነበር፤ ከዚያ ወዲህ የመጡት ለሰባ ዓመታት ያህል በዋናነት ዶፓሚን በሚባለው የአንጎል ኬሚካል ላይ የሚሠሩ ነበሩ። በሌላ መንገድ የሚሠራ የመጀመሪያው መድኃኒት በአሜሪካ የተፈቀደው እ.ኤ.አ. በመስከረም 2024 ነው። የዘረመል ግኝቱ እስካሁን በሽተኛው እጅ ላይ ያኖረው ክኒን የለም። ይህን አለመናገር ለቤተሰቡ የሐሰት ተስፋ መሸጥ ይኾናል።

የማን ዲኤንኤ?

አንድ የስንዴ ዝርያ በአርሲ ደጋ ተሞክሮ ጥሩ ምርት ሰጠ ማለት ለቆላው ይስማማል ማለት አይደለም፤ ዝርያ ከመለቀቁ በፊት በተለያየ ሥነ ምኅዳር የሚፈተነው ለዚህ ነው። የሰው ዘረመል ምርምር ግን ይህን ሕግ ለረጅም ጊዜ አልጠበቀም። እ.ኤ.አ. በ2019 የታተመ ግምገማ እንዳመለከተው በዓለም ከተደረጉት እንዲህ ያሉ የዘረመል ጥናቶች ተሳታፊዎች ውስጥ 79 በመቶ ገደማ የአውሮፓ ዝርያ ያላቸው ናቸው፤ ከዓለም ሕዝብ ያላቸው ድርሻ ግን 16 በመቶ ያህል ነው። በዚህ መረጃ የተሠራ የመታመም ዕድል ስሌት በአፍሪካውያን ላይ ሲሞከር ትክክለኛነቱ በብዙ እጥፍ ያሽቆለቁላል።

ጉዳቱ የአፍሪካ ብቻ አይደለም። የሰው ልጅ መገኛ አፍሪካ በመኾኗ ከፍተኛው የዘረመል ልዩነት ያለው በዚሁ አህጉር ነው። በደቡብ አፍሪካ ኾሳ ተናጋሪ ሕዝብ ላይ የተደረገውና እ.ኤ.አ. በ2020 የታተመው ጥናት የመረመረው 909 ሕመምተኞችንና 917 ጤነኞችን ብቻ ነበር። እንዲያም ኾኖ የነርቭ መገናኛዎችን በሚሠሩ ዘረመሎች ላይ ያሉ ብርቅ ጉዳቶች በሕመምተኞቹ ዘንድ እንደሚበዙ ማሳየት ችሏል።

ኢትዮጵያም በዚህ ሥራ ውስጥ አለችበት። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ከኬንያ፣ ከኡጋንዳና ከደቡብ አፍሪካ ተቋማት እንዲሁም በአሜሪካ ከሚገኙት ብሮድ ኢንስቲትዩትና ሃርቫርድ የሕዝብ ጤና ትምህርት ቤት ጋር «ኒውሮጋፕ» በሚባለው ጥናት ተሳትፏል። ዕቅዱ በአራቱ ሀገራት 17 ሺሕ ሕመምተኞችንና 17 ሺሕ ጤነኞችን መመዝገብ ነበር። የሚወሰደው ናሙና ምራቅ ነው። ተሳታፊው ከመፈረሙ በፊት ስለ ጥናቱ የተነገረውን መረዳቱ በጥያቄ ይፈተናል፤ ያልገባው አይመዘገብም። ከዚሁ ጎን ወጣት አፍሪካውያን ተመራማሪዎች የዘረመል መረጃ ትንተና የሚማሩበት ሥልጠና ተካሂዷል።

ይህ ሁሉ በጎ ነው። ነገር ግን ዘርን ለውጭ ሰጥቶ ጥቅሙን መጠበቅ ለኢትዮጵያ አዲስ ታሪክ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2005 ሀገሪቱ ከአንድ የኔዘርላንድ ኩባንያ ጋር ስለ ጤፍ አጠቃቀም ስምምነት ተፈራረመች። ኩባንያው በጤፍ ዱቄት አዘገጃጀት ላይ በአውሮፓ የፈጠራ መብት አወጣ፤ ከስምምነቱ የተገኘው ጥቅም ኢምንት ኾኖ ቀረ፤ መብቱ ዋጋ የለውም ሲል የሄግ ፍርድ ቤት የወሰነው ከ13 ዓመታት በኋላ ነው። የዘረመል ጥናቱ ከዚያ ጋር አንድ ነው ማለት አይቻልም፤ ተቋማቱ የምርምር ተቋማት ናቸው፤ የሀገራችን ምሁራንም ባለቤቶች እንጂ ናሙና አቀባዮች ብቻ አይደሉም። ይሁን እንጂ ከዚህ መረጃ ተነሥቶ ነገ መድኃኒት ቢሠራ ምራቁን የሰጠው አርሶ አደር በምን ዋጋ ያገኘዋል የሚለው ጥያቄ መነሣት ያለበት መድኃኒቱ ከመሠራቱ በፊት ነው። በጤፉ የኾነው ያስተማረው ይህንኑ ነው።

ጤና ጣቢያው በር ላይ

በቡታጅራ ከባድ የአእምሮ ሕመም ያለባቸውን 919 ሰዎች ለዐሥር ዓመታት የተከታተለው ጥናት ያገኘው ነገር ከዘረመሉ ካርታ ይልቅ ያስደነግጣል። ሕመምተኞቹ የሞቱበት መጠን ከሌላው ሕዝብ ወደ እጥፍ ነበር። የሞቱትም ሦስት ዐሥርት ዓመታት ገደማ ያለ ዕድሜያቸው ነው። ከሞቱት መካከል ግማሽ ያህሉን የገደለው ደግሞ ተላላፊ በሽታ ነው፤ ይኸውም ለሌላው ሰው በጤና ጣቢያ የሚታከም ዓይነት ሕመም። ሳል ይዞት የመጣ «እብድ» ሳሉ ሳይታይለት ይመለሳል።

መፍትሔው ግን የዘረመል ውጤትን የሚጠብቅ አይደለም። በደቡብ ምዕራብ ሸዋ አቅራቢያ በሚገኙት የጉራጌ አካባቢዎች፣ በሶዶና በአጎራባቾቹ፣ የተካሄዱና እ.ኤ.አ. በ2022 የታተሙ ሁለት ሙከራዎች አሉ። አንደኛው ሥልጠና ያገኙ የጤና ጣቢያ ባለሙያዎች የተረጋጉ ሕመምተኞችን ሲከታተሉ ውጤቱ በሆስፒታል ካሉ የሥነ አእምሮ ነርሶች ክትትል እንደማያንስ አሳይቷል። ሁለተኛው ከአካባቢው የተመለመሉ ሠራተኞች ቤት ለቤት እየሄዱ ሕመምተኛውን ወደ ሥራና ወደ ማኅበራዊ ሕይወት ሲመልሱ፣ ከመድኃኒቱ ጋር ተዳምሮ፣ አቅመ ቢስነቱ በአንድ ዓመት ውስጥ እንደሚቀንስ አሳይቷል። ወደ ዕድር መመለስ፣ ከብት መጠበቅ፣ ጥማድ መያዝ በዚህ ሥራ ውስጥ ሕክምና ናቸው።

ጸበሉን በተመለከተም ምርጫው «ወይ ይህ ወይ ያ» መኾን የለበትም። ከላይ በተጠቀሰው የ2001 ጥናት ከዘመዶቹ 65 በመቶው የሚመርጡት ጸሎትን ነበር። ካህኑ «ክኒንህን አታቋርጥ» ሲል ከሐኪሙ ይልቅ የሚሰማባቸው ቤቶች ብዙ ናቸው። ለዚህም ነው በአዲስ አበባ ካህናትና የሥነ አእምሮ ሐኪሞች በአንድ የጸበል ስፍራ በትብብር መሥራት የጀመሩት።

የዘረመሉ ምርምር ዛሬ ለገጠሩ ቤተሰብ ሊሰጥ የሚችለው ቃል ነው። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ቤት ስትገባ እናት የምትጠይቃት «ሌሎቹም ልጆቼ ይታመማሉን?» ብላ ነው። «ከዐሥር ዘጠኙ አይታመሙም፤ ያንቺም ጥፋት አይደለም፤ ደም ቆጥረሽ ብታገቢም ላይቀር ይችል ነበር» የሚለው መልስ በማስረጃ የተደገፈ ነው። ይህን መልስ የሚሰጥ ሥልጠና ለኤክስቴንሽን ሠራተኞች ቢሰጥ የሚጠይቀው ቤተ ሙከራ አይደለም፤ ግማሽ ቀን ይበቃዋል።

ከዚያ በኋላ የሚቀረው የመደርደሪያው ጉዳይ ነው። ፍሉፌናዚን የሚባለው መርፌ በወር አንድ ጊዜ ገደማ ስለሚወጋ በየቀኑ ክኒን ከመዋጥ ይልቅ ለአርሶ አደር ይመቻል፤ ቀጠሮውም ከገበያ ቀን ጋር ሊገጥም ይችላል። አባት ልጁን ይዞ ሁለት ሰዓት ተጉዞ መጥቶ መርፌው አልቋል ከተባለ ግን በሚቀጥለው ወር የመምጣቱ ነገር ያጠራጥራል፤ በክረምት፣ ወንዙ ሲሞላ፣ ይበልጡን።